በውኃ ስለሚሰጥም ሰው

ውኃ የሕይወት መሠረት ነው፤ ነገር ግን ለማያስተውል ሰው ሞት ይሆንበታል። ስለዚህ አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ብለው ተረቱ።

ከመካነ ሰላምና ከዙሪያዋ ደጋ ወርደው ዓባይን፥ በሽሎንና ወለቃን የሚሻገሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። እነዚህ ወንዞች በበጋ ጕልበታቸው ይደክማል፤ በክረምት ግን በደጋው የዘነበው ሁሉ ወደ እነርሱ ይወርዳል። በመሻገሪያው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ በላይ ዘንቦ ደራሽ ውኃ በድንገት ይመጣል። ውኃው ሲደፈርስ፥ እንጨትና ቅጠል ሲያመጣ፥ ድምፁም ሲበረታ ፈጥኖ ወደ ከፍታ መሸሽ ይገባል። መንገደኛ ውኃው እስኪጎድል ቢቆይ አንድ ቀን ያጣል፤ ባይቆይ ግን ዕድሜውን ሁሉ ያጣል።

ዋና ማወቅም ብቻውን አይበቃም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ዓባይን ሊመረምሩ ከእንግሊዝ አገር ከመጡት ሰዎች አንዱ፥ ኢያን ማክላውድ የተባለ ወታደር፥ ገመድ ታጥቆ ከዓባይ ገባሮች አንዱን ሊሻገር ገባ፤ ውኃውም ወሰደው። ብርቱ ወታደር ገመድ ታጥቆ ካልዳነ፥ ትንሽ እረኛ በምን ይድናል?

ሰው ሲሰጥም ያየ ልጅ ተከትሎ ወደ ውኃው አይግባ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና፥ በአንዱ ፈንታ ሁለት ይሞታሉ። ይልቁንም ጮኾ ሰው ይጥራ፤ በዳር በደረቱ ተኝቶ ዱላውን ያቀብለው፤ ዱላው ባይደርስ ገመድ ይወርውርለት፤ ባዶ ጀሪካንም ቢጥልለት ያንሳፍፈዋል። ገመዱን ግን በእጁ ይያዘው እንጂ በወገቡ አይሰረው።

የወጣው ሰው እስትንፋስ ከሌለው፥ ውኃውን ለማውጣት ብሎ መዘቅዘቅ ወይም ሆዱን መጫን አይገባም፤ ጊዜው በከንቱ ያልፋልና። ታላላቆች በጀርባው አስተኝተው፥ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው አገጩን ያንሡ፤ አፍንጫውን ይዘው በአፉ 5 ጊዜ እፍ ይበሉበት። ከዚያ በኋላ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ በብርታትና በፍጥነት ይጫኑ፤ 2 ጊዜም እፍ ይበሉ። እስኪተነፍስ ወይም ሐኪም እስኪደርስ ድረስ እንዲሁ ይደጋግሙ። ሲተነፍስም በጎኑ ያስተኙት፤ ርጥብ ልብሱን አውልቀው ጋቢ ያልብሱት፤ የተሻለው ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

እንግዲህ ሳያስብ ዘሎ ከሚገባ ደፋር ይልቅ፥ በዳር ሆኖ ዱላውን የሚያቀብል አስተዋይ ወንድሙን ያድናል።