ከጋራዥ ወደ ሱቅ፤ በሥራ የዛለ መካኒክ ሙያውን ሲለውጥ ሊያስብበት የሚገባ

በዚህ የትምህርት ዓምድ፣ ብዙ ዓመት በአውቶሞቢል ጥገና ላይ የቆየ ባለሙያ ከመዛሉ የተነሣ ሌላ ሥራ ለመያዝ ሲነሣ ሊያስብበት የሚገባውን እንመለከታለን። ነገሩ የመካኒኩ ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከጋራዥ ለሚወጣ ሰው ቅርብ ሆኖ የሚታየው በር የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ስለሆነ፣ ዛሬ ቱታውን የሚያወልቀው ሰው ነገ የአስመጪው ደንበኛ፣ የባለሱቁ ሠራተኛ ወይም ዱቤ ጠያቂ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ነጋዴውንም ይመለከታል።

1ኛ/ መዛል ምን ማለት ነው?

ድካም ሁሉ መዛል አይደለም። እሑድን ዐርፎ ሰኞ ጧት ጉልበቱ የሚመለስለት ሰው ደከመ እንጂ ዛለ አይባልም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፣ በነጻ ሕክምና ጣቢያ የሚያገለግሉ ሠራተኞች ተቃጥሎ እንዳለቀ ነገር ሲሆኑ ማየታቸውን ገልጸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መዛልን በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ሁኔታነት መዝግቦ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል። እነዚህም የኃይል ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መራቅና ሥራውን በመጥላት ማየት፣ እንዲሁም የሥራ ፍሬ መቀነስ ናቸው። አንድ መካኒክ ቀድሞ በድምፁ ብቻ የሚለየውን የሞተር ብልሽት ዛሬ ለመስማት ትዕግሥት ካጣ፣ ምልክቶቹ ደርሰውበታል ለማለት ይቻላል።

2ኛ/ የጋራዥ ሥራ የሚያዝለው በምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት በሰውነት ላይ የሚደርሰው ነው። መካኒኩ በመኪና ሥር ተጋድሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይውላል፤ ካምቢዮ ሲያወርድ ወገቡ ይጐዳል፤ በጩኸትና በጭስ መካከልም ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር አረጋግጧል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳብ የሚመጣ ነው። ዋጋ አስቀድሞ ከተቆረጠ በኋላ አንዱ የዛገ ብሎን ግማሽ ቀን ቢፈጅ፣ የባከነው ጊዜ የመካኒኩ ዕዳ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት በቀጥታ ወደ ነጋዴው ይመጣል። ባለመኪናው ከሱቅ የገዛው የፍሬን ሸራ ወይም ኩሽኔታ የሐሰት ዕቃ ሆኖ በሳምንቱ ቢበላሽ፣ ደንበኛው ተቆጥቶ የሚመለሰው ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ ገጣሚው ነው። መካኒኩም ያንኑ ሥራ ያለ ዋጋ ሁለተኛ ይሠራል፤ ስሙም ይጠፋል። ሰውን የሚያዝለው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ባላጠፋው ነገር መወቀሱም ነው።

3ኛ/ ዕረፍት ነው ወይስ ለውጥ?

ሙያ ከመለወጥ በፊት ምክንያቱን መለየት ይገባል። ባለሙያው አንድ ወር ሙሉ በየማታው፣ በዚያ ቀን አጥብቆ ያማረረውን ነገር በደብተር ይጻፍ። የጻፈው የሰዓት ብዛት ከሆነ መድኃኒቱ ሰዓቱን ማሳጠር ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የጻፈው ከደንበኛ ጋር ያለው ክርክር ከሆነ ተቀባይ ሠራተኛ መቅጠር ወይም ጋራዥ መለወጥ ይበቃው ይሆናል። ነገር ግን ወገቡና እጁ እምቢ ካሉ፣ ወይም ዐርፎም ልቡ ካልተመለሰ፣ በእርግጥ የለውጥ ጊዜ ደርሷል። የዛለ ሰው የራሱን ጋራዥ መክፈት ዕረፍት መስሎ ከታየው ግን ተሳስቷል፤ በቀድሞው ድካም ላይ ኪራይና ደመወዝ ይጨምርበታልና።

4ኛ/ ዕውቀቱ የሚያገለግልባቸው ሥራዎች

ከጋራዥ መውጣት ዕውቀትን መጣል አይደለም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጉዳት የሚገምት፣ ብዙ መኪና ያላቸው ድርጅቶች ጥገና የሚቆጣጠር፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር፣ የምርመራ ጣቢያዎችም ተሽከርካሪ የሚመረምር ሰው ይፈልጋሉ።

በመለዋወጫ ሱቅ ዘንድ ደግሞ ጥቅሙ ጐልቶ ይታያል። ለምሳሌ በአንድ «ቪትዝ» ስም የሚጠሩት የቶዮታ መኪናዎች ባለ 1 ሊትር፣ ባለ 1.3 ሊትርና ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ያላቸው ናቸው። ይህን የማያውቅ ሻጭ የአንዱን ዕቃ ለሌላው ይሰጣል፤ የተሳሳተው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣም ትርፉን ይዞት ይሄዳል። መካኒኩ ግን አሮጌውን ዕቃ በእጁ ገልብጦ አይቶ ትክክለኛውን ከማውጣቱም በላይ፣ ዕቃውን ምን እንደ ጐዳው ይናገራል።

5ኛ/ የንግድ ፈተና

መኪና ማወቅ ሌላ፣ መነገድ ሌላ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ዕቃውን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,250 ብር እየሸጠ በወር 100 ዕቃ ቢሸጥ፣ 25,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ 12,000፣ የረዳት ደመወዝ 6,000፣ የመብራትና የመጓጓዣ 3,000 ብር ቢወጣ፣ ግብር ሳይታሰብ የሚቀረው 4,000 ብር ነው። ከ100ው ዕቃ 4ቱ ለቀድሞ የሥራ ጓደኞች በዱቤ ወጥተው ገንዘባቸው ሳይመለስ ቢቀር 5,000 ብር ይጐድላል፤ ወሩም በ1,000 ብር ኪሳራ ይዘጋል። እንግዲህ ሱቁን የሚዘጋው የገበያ ማጣት ሳይሆን የአራት ወዳጆች ዱቤ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና የመተኪያ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ10 ዶላር ዕቃ በ570 ብር ገዝቶ በ700 ብር የሸጠ ሰው አተረፍሁ ሲል፣ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት 1,000 ብር ተጠየቀ። ዋጋ ሲወሰን የተገዛበትን ብቻ ሳይሆን የሚተካበትንም ማስላት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የዕቃው ምርጫ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት ፊልትሮና ማርሚታ አያስፈልገውም፤ ፍሬኑም ቀስ ብሎ ያልቃል። ጎማ፣ የመሪና የእግር ዕቃዎች ግን አይቀሩለትም። በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ስለሚያገለግሉ የእነርሱን ዕቃ መተው አይገባም፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ክምችት አደገኛ ነው።

6ኛ/ የመሸጋገሪያ ሥርዓት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ቁልፍ ጥሎ ሱቅ መክፈት አይበጅም። ስለሆነም የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ) ለቤት ወጪ የሚሆን ቢያንስ የስድስት ወር ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከሱቁም ገንዘብ ጋር አይቀላቀል።

ለ) ባለሙያው መጀመሪያ በሌላ ሰው ሱቅ ጥቂት ወራት ይሥራ፤ የንግድን ጠባይ በራሱ ገንዘብ ሳይሆን በደመወዝ ይማር።

ሐ) ተቀጣሪ ከሆነ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሰላም ይለይ፤ የቀድሞ አሠሪው ነገ ደንበኛው ነውና።

መ) የንግድ ፈቃድ ሳያወጣ አይጀምር፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት መኪናዎች ፈጥነው በሚሸጡ ዕቃዎችም ይወሰን።

ሠ) ገቢና ወጪውን በየማታው ይመዝግብ፤ ለዱቤም ወሰን ያብጅ።

7ኛ/ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ከጋራዥ የመጣን ባለሙያ ስትቀጥሩ እንደ ዕቃ አውራጅ አትዩት፤ ከቋሚ ደመወዙ ጋር ተመልሶ ባልመጣ ሽያጭ ላይ ጥቂት ድርሻ ብትሰጡት ዕውቀቱ የሱቃችሁ ሀብት ይሆናል። አዲስ ነጋዴ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ዕቃ በዱቤ አታሸክሙት፤ ሲወድቅ ገንዘባችሁም ከእርሱ ጋር ይወድቃል። ከሁሉም በላይ ብልሹ ሆኖ የተገኘን ዕቃ ያለ ክርክር መልሳችሁ ተቀበሉ። የሐሰት ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ለጊዜው ቢያተርፍም፣ ዕቃውን የሚገጥምለትን ባለሙያ አዝሎ ከሙያው ያስወጣል፤ ገጣሚ የሌለው መለዋወጫ ደግሞ ከመደርደሪያ የማይወርድ ብረት ነው።