የሚያወራ መጫወቻ ለምትገዛ እናት

የእህቴ ልጅ፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ባሕር ማዶ ለምታሳድጊው የአራት ዓመት ልጅሽ ማንበብ የሚያስተምር ኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ልትገዢለት አስበሽ የቱን እንደምትመርጪ ግራ እንደገባሽ ጽፈሽልኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንደኛ ክፍል በማስተማር ስለሆነ ጥያቄሽን በደስታ ተቀብያለሁ። ግዢ ወይም አትግዢ አልልሽም። የምልሽ መጫወቻውን በሚናገረው ነገር ብዛት እንዳትመዝኚው ነው፤ አንቺና ልጅሽ እሱን ይዛችሁ ስንት ነገር እንደምትነጋገሩ እይ። ከዚህ በታች የምዘረዝርልሽ ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

1. ለማን እንደተሠራ እወቂ። ድሮ የሚያወሩ አሻንጉሊቶች ሆዳቸው ውስጥ ገመድ ሲሳብ የምትዞር ትንሽ ሸክላ ነበረቻቸው። ይህን የለወጠው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ስፒክ ኤንድ ስፔል ነው። የሰውን ድምፅ በአንዲት ቺፕ አስመስሎ እየፈጠረ ቃል ይጠራል፤ ልጁ ፊደሎቹን እየነካ ይጽፋል፤ ማሽኑም ልክ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል። ግን የታሰበው ሰባት ዓመት ለሞላቸውና ማንበብ ለጀመሩ ልጆች ነበር። ለትንንሾቹ የሚሆነው በኋላ መጣ። ማይክል ውድ የሚባል የካሊፎርኒያ ጠበቃ ትንሹ ልጁ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ሲያቅተው አይቶ በ1995 ሊፕፍሮግ የተባለውን የመጫወቻ ኩባንያ አቋቋመ። በ1999 የወጣው ሊፕፓድ የወረቀት መጽሐፍ ከላዩ የሚዘረጋበት፣ ልጁ በብዕር የነካውን ቃል የሚያነብ መሣሪያ ነው። ዛሬ መደርደሪያው ላይ የምታዪያቸው ብዙዎቹ የዚያ ሐሳብ ዘሮች ናቸው። ትልልቅ ልጆችን የሚያስደስት መጫወቻ ላንቺ ልጅ የማይሆነውም፣ የእሱ እኩያ የሚወደው ትልልቆቹን የሚሰለቻቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. የፊደሉን ስም ብቻ ሳይሆን ድምፁን የሚናገረውን ምረጪ። የእንግሊዝኛ ፊደል ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። “ሲ፣ ኤ፣ ቲ” ብሎ የጠራ ልጅ “ካት” ላይ የሚደርስበት መንገድ የለውም። “ዳብልዩ” የሚለው ስም ውስጥማ የፊደሉ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም። ሱቅ ስትገቢ መጫወቻውን ክፈቺና ቢን ተጫኚ። “ቢ” ብሎ ዝም ካለ መልሺው። “ብ” ብሎ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ አስቢበት። “ባ…” እያለ አናባቢ የሚጎትትበትም አለ፤ እሱም ልጁ ድምፆቹን አጋጥሞ ቃል ሲሠራ ያስቸግረዋል።

3. ዘፈኑን ማወቅ ፊደሉን ማወቅ እንዳይመስልሽ። ብዙ ወላጅ የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። መጫወቻው ይዘፍናል፣ ልጁ አብሮት ይዘፍናል፣ ከኤ እስከ ዜድ ሳይደናቀፍ ያወርደዋል፤ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ከዘፈኑ መሐል አንዷን ፊደል ነጥለሽ ብታሳዪው ግን ላያውቃት ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ልጅ ሀሁን በዜማ ሲቆጥር ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ብቻውን ሊሄድ ይችላል። አቡጊዳ ያንን ይይዘዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል እያንዳንዱ ሆሄ ከሌላ ፊደል የተወሰደ ነው፤ የመጀመሪያው ግእዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ከዚያ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። የሀሁ ዜማ እዚህ አያግዝም፤ ልጁ የግዱን ገበታውን ማየት አለበት። የኔታም በእንጨት እየነኩ ከታች ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሐል እየዘለሉ ይጠይቁታል።

አንቺም መጫወቻውን በዚሁ ፈትኚው። ፊደሎቹን አዘበራርቆ የሚጠይቅበት ጨዋታ አለው? ልጁ ሲሳሳት ጊዜ ሰጥቶ መልሶ ይጠይቀዋል ወይስ መልሱን ተሽቀዳድሞ ይነግረዋል? ማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፉትን የማግኔት ፊደሎች፣ አንዱን መሣሪያው ላይ ስታስቀምጪው ድምፁን የሚናገረውን ዓይነት፣ ከዘፋኙ ሰሌዳ የምመርጣቸው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በእጅ ይያዛል፣ ይገለበጣል፣ ይጠፋል፣ ይፈለጋል። “ምምም የሚለውን አምጣልኝ” ብለሽ ከሳሎን ወደ ኩሽና ልትልኪው ትችያለሽ። ከዚያ ያንኑ ፊደል የወተቱ ካርቶን ላይ፣ የመንገዱ ምልክት ላይ፣ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ ይፈልገው። ከመጫወቻው ውጭ ያገኘው ቀን ፊደሉን አወቀ ማለት ነው።

4. ከጎኑ ተቀመጪ፤ ግን የአዝራር ተቆጣጣሪ አትሁኚ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር መጽሐፍ ሲያነቡ ተመልክቶ ነበር፤ ከፊሎቹ ተራ መጽሐፍ፣ ከፊሎቹ የሚያወራ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ይዘው። በሚያወራው መጽሐፍ ጊዜ የወላጆቹ ንግግር “ይህን ተጫን፣ እንደሱ አታድርግ” ወደሚል አዘነበለ፤ ስለ ታሪኩ የሚያወሩት አነሰ። የሦስት ዓመቶቹ ልጆችም ታሪኩን የተረዱት በተራው መጽሐፍ ካነበቡት ባነሰ ነበር። በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ 26 ወላጆችንና ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸውን ልጆቻቸውን የተከታተለ ሌላ ጥናትም በኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ጊዜ ወላጆች ያነሰ ቃል እንደሚናገሩ፣ መመላለሱም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሽኑ ሲያወራ እኛ አዋቂዎች ዝም እንላለን፤ ተራው የሱ ይመስለናልና። ስለዚህ መጫወቻው አንድ ገጽ ሲያነብ አጥፊውና ልጅሽን ጠይቂው፦ ውሻው የት ሄደ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? የሱን መልስ ጠብቂ፤ የልጅ መልስ ይዘገያል።

5. “ብቻውን ይማራል” ወይም “ሕፃን ሆኖ ያነባል” ለሚልሽ ሻጭ ጆሮ አትስጪ። “ልጅዎ ማንበብ ይችላል” እያለ ለጨቅላዎች ይሸጥ የነበረ አንድ የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 በፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሐሰተኛ ማስታወቂያ ተከሷል። በ2014 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለ ዕቃ የተሰጣቸው ሕፃናት ማንበብ እንዳልተማሩ አረጋግጧል። ከሀገራችን የማነሣልሽ የወንጪና የወለንጪቲን ልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች አስተማሪ ሳይመደብ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ተሰጧቸው። ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ማብሪያውን አገኙ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን እየዘመሩ እርስ በርስ ተማማሩ። የልጅ አእምሮ ስንት እንደሚችል ያየሁበት ዜና ስለሆነ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ነገር ግን ያወቁት ፊደላትንና አንዳንድ ቃላትን ነው፤ አንብቦ መረዳት ከዚያ ገና ሩቅ ነው። እነዚያ ልጆች ቢያንስ እርስ በርሳቸው ነበሩ። ያንቺ ልጅ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን ነው፤ የሚያወራለት ሰው የግድ አንቺ ነሽ።

6. አማርኛውን ለማሽን አትተዪው። 33 ፊደል በ7 ድምፅ 231 ሆሄ መሆኑ አያስፈራሽ። የኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ስለሆነ ልጅሽ “ቤ”ን እና “ት”ን ባወቀ ቀን “ቤት” ብሎ ያነባል፤ እንግሊዝኛው ይህን ምቾት አይሰጠውም። ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ስቀዪለት፤ በቀን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ሲደክመው ግማሹን። የሚከብደው ወደፊት ነው፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በጽሑፍ አይለይም። ገጹ ላይ “ገና” የሚል ቃል ቢያገኝ በዓሉ ይሁን “ገና አልደረሰም” የሚባለው የሚያውቀው አማርኛ በጆሮው ከሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ሩዝ ስታጥቢ፣ መኪና ስትነጂ፣ ልብሱን ስታለብሺው በአማርኛ አውሪው፤ ተረት ንገሪው፤ በእንግሊዝኛ ቢመልስልሽም አትቁረጪ። ስክሪን ማየቱ ካልቀረ ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረችውን “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት አብራችሁ እዩ። ቀጭኔዋ ፀሐይ የሱን ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ካለቀ በኋላም የምታወሩት አታጡም።

7. ዕቃውን ገልብጠሽ እዪው። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆን አለበት። በተለይ ክብና ጠፍጣፋዋን ትንሽ ባትሪ ልጅ ከዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ታቃጥላለች፤ ከጠረጠርሽ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው። ድምፁ ከበዛ ማውጫው ላይ ፕላስተር ለጥፊበት። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ የልጁን እውነተኛ ስም፣ የልደት ቀንና ፎቶ አታስገቢ። በ2015 የሆንግ ኮንጉ የመጫወቻ ኩባንያ ቪቴክ በመረጃ ጠላፊዎች ተደፍሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ስምና የልደት ቀን ከነወላጆቻቸው አድራሻ ተወስዷል፤ ኩባንያው በ2018 ለአሜሪካ መንግሥት 650,000 ዶላር ከፍሏል። ሊፕፍሮግንም በ2016 የገዛው እሱ ነው።

8. ከመግዛትሽ በፊት ተዋሺ። እዚያ እናንተ ጋ ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያነብ መሣሪያ የተገጠመላቸውን የሕፃናት መጻሕፍትና ኢንተርኔት የማይገባባቸውን የመማሪያ ታብሌቶች ያውሳሉ፤ ሁሉም ጋር ባይኖር የሕፃናት ክፍሏን ሠራተኛ ጠይቂ። አንዱን ይዘሽ ግቢ፣ ከተራ የሥዕል መጽሐፍ ጎን አስቀምጪለትና ተይው። የመጀመሪያው ሳምንት የአዲስ ዕቃ ፍቅር ስለሆነ አትፍረጂበት። ከዚያ በኋላም እያነሣው ወዳንቺ እየሮጠ “እማ፣ ይሄ ምን ይላል?” የሚልሽ ከሆነ ግዢለት። ይዞት ጥግ ገብቶ ዝም ካለ መልሺውና ሁለት መጻሕፍት ተዋሺለት።