ጠገራ ብርን ለይቶ ስለ ማወቅ

የቀድሞ ገንዘብ መሰብሰብ ለብዙዎች የዕረፍት ጊዜ ደስታ ነው። ነጋዴ ግን ገንዘብ አውቃለሁ ብሎ ሲተማመን ይታለላል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውም በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ነው።

ንግሥቲቱ የሞተችው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮማ፣ በሎንዶንና በቦምባይ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቶአል፤ የኢትዮጵያና የዐረብ አገር ገበያ ከለመደው መልክ በቀር አልቀበልም ይል ነበርና። እንግዲህ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ነው ተብሎ በውድ የሚቀርበው ብር በአውሮጳ አቆጣጠር የ1930ዎቹ ሥራ ሊሆን ይችላል። ብሩ ሐሰተኛ አይደለም፤ የተጠየቀበት ዋጋ ግን አይገባውም።

እውነተኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያም «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይታያል። የቀድሞ ነጋዴዎች ደግሞ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም አይናቅም። ጠርዙ ልሙጥ የሆነውን፣ ክብደቱም የጎደለውን መተው ይሻላል።

በፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጠገራውን መምረጡን ቶሎ አልተወም።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው ብሩን በአመድ ወይም በሎሚ ሲወለውል ነው። ዐዋቂ ገዢ የሚሻው ያልተነካውን ገጽ ስለ ሆነ፣ የተፋቀው ብር ከብረቱ ዋጋ እምብዛም አያልፍም። በ2013 ዓ.ም. የተለወጡት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችም በሱቅ መሳቢያ ቢገኙ ለግብይት አያገለግሉም፤ ያልታጠፉት ግን በመጽሐፍ መካከል ተዘርግተው ይቀመጡ።