የማታ መለኪያና የማያርፍ እግር

ባለፈው ሴሚስተር የጤና ዘገባ አጻጻፍ ስንማር መምህራችን «ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ ከቤታችሁ ጀምሩ» ብለውን ነበር። እኔም ከቤቴ ጀመርኩ። ቤታችን ውስጥ ሌሊት የማይተኛ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አጎቴ ነው።

አጎቴ ቀን ቀን ምንም አይለውም። ሥራው ላይ ቆሞ ይውላል፣ እግሬን አመመኝ ብሎም አያውቅም። ማታ ዜና ለማየት ሶፋ ላይ አረፍ ሲል ግን ነገሩ ይጀምራል። እግሩን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል፣ ያሻል፣ በመጨረሻ ተነስቶ ሳሎኑን ይዞራል። አክስቴ «ምን ሆንክ?» ስትለው መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቀን «ውስጡ ጉንዳን ይሄዳል»፣ ሌላ ቀን «አጥንቴን ይነዝረኛል»፣ ሲቸግረው ደግሞ «እኔ እንጃ፣ ብቻ ያቁነጠንጠኛል» ይላል። እሷም «እግር ከበላ መንገድ አለ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

መፍትሔ ያደረገው ምን መሰላችሁ? አንድ መለኪያ አረቄ። መጀመሪያ ሠራለት፤ ጠጥቶ ወዲያው ይተኛል። ውሎ አድሮ ግን አንዱ መለኪያ ሁለት፣ ሁለቱም ሦስት ሆነ። አረቄውን ከሰፈር በሃይላንድ አስቀድቶ የሚያመጣው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በሕክምናው ዓለም ይህ ነገር «እረፍት የለሽ እግር» የሚባል የታወቀ ሕመም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ምልክቶቹን ጽፏቸዋል። ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በዝርዝር አጥንቶ ስሙን አወጣለት። በዚህም የተነሳ የዊሊስ-ኤክቦም ሕመም ተብሎም ይጠራል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ከ100 አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ምልክቱ ታይቶባቸዋል።

ሕመሙ በራጅ አይታይም፤ ሐኪሙ የሚለየው በመጠየቅ ነው። መልሶቹ አምስት ናቸው። አንደኛ፣ እግርን የማንቀሳቀስ ከባድ ፍላጎት መኖሩ። ሁለተኛ፣ ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ መባሱ። ሦስተኛ፣ ሲንቀሳቀሱ ቀለል ማለቱ። አራተኛ፣ ማታና ሌሊት መበርታቱ። አምስተኛ፣ በሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ በቁርጥማት ወይም በእግር እብጠት የማይገለጽ መሆኑ። አጎቴ አምስቱንም ያሟላል።

መንስኤው በዘር ሊተላለፍ ይችላል። ከዚያ ውጭ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይነሳሉ። እነሱም የብረት ማዕድን በአንጎል ውስጥ ማነስና እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ሥርዓት መዛባት ናቸው። ለዚህ ነው በእርግዝና ወቅት፣ በደም ማነስና በኩላሊት ድክመት ጊዜ ሕመሙ የሚበዛው።

አረቄው ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ አጎቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አልኮል በእርግጥም ቶሎ ያስተኛል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነት አልኮሉን እያስወገደ ሲሄድ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ይቆራረጣል፣ ሽንትም ይቀሰቅሳል። አጎቴ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ግንድ ይወድቅና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ኮቴው ሳሎን ውስጥ ይሰማል። የነቃበት ሰዓት ደግሞ እግሩ የሚብስበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አረቄው የገዛለት የአራት ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ነው። በማግስቱ ደግሞ ደክሞት ይውልና ማታ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። ሁሉም ሰው ላይ እኩል ባይሆንም፣ ብዙ ታማሚዎች በጠጡበት ሌሊት እግራቸው እንደሚብስባቸው ይናገራሉ።

ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ መጠጥ ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት ጋር ሆኖ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ያን ጊዜ ማቃጠልና መደንዘዝ ይመጣና የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የደም ምርመራው ነገር ነው። ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚለኩት ፌሪቲን በተባለ ምርመራ ነው። ብዙ መጠጥ ጉበትን እየጎዳ ፌሪቲንን ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ጨጓራን አድምቶ ብረትን ሊያስወጣ ይችላል። ማለትም ሰውየው ብረት አንሶት ሳለ ወረቀቱ «ደህና ነህ» ሊለው ይችላል።

መድኃኒቱና መጠጡ ሲገናኙ

በመጨረሻ አጎቴ ወደ ሕክምና ሄዶ ጋባፔንቲን የተባለ እንክብል ታዘዘለት። ስለ መጠጥ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አፍሮ አልተናገረም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ማታ ማታ 1» የሚል ብቻ ነው። የፋሲካ ዕለት ማታ ሁለቱንም ወሰደ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ ዞረበትና ደጃፉ ደረጃ ላይ ወደቀ። ግንባሩ ተፈንክቶ ተሰፋ። ያችን ሃይላንድ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ምን ተፈጠረ? ጋባፔንቲን ያደነዝዛል፣ ያዞራል፤ አልኮልም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደመሩ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይጨምራል። መውደቁ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን አንጎልን ከሚያደነዝዙ ሌሎች ነገሮች ጋር ሲወሰዱ፣ እንዲሁም በአረጋውያንና የሳንባ ሕመም ባለባቸው ላይ አተነፋፈስን በከባድ ሁኔታ ሊያዳክሙ እንደሚችሉ ገልጿል። ጋባፔንቲን ኢናካርቢል የሚባለው፣ ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራው ኪኒን ደግሞ ከአልኮል ጋር ሲሆን ቶሎ ይለቀቃል። በዚህ ምክንያት እሱን ከመጠጥ ጋር መውሰድ አይፈቀድም።

ሁለተኛው የመድኃኒት ወገን የዶፓሚንን ሥራ የሚተኩት፣ እንደ ሮፒኒሮልና ፕራሚፔክሶል ያሉት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም የተፈቀዱት በ2005 እና በ2006 ነው። እነዚህ ከተቀመጡበት ሲነሱ የደም ግፊትን ይጥላሉ፣ አንዳንዴም ሳይታሰብ በድንገት ያስተኛሉ። መጠጥ ሁለቱንም ያብሳል። ለአንድ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በተጨማሪ ለዓመታት ሲወሰዱ ሕመሙን ራሱን ሊያባብሱት ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 ባሳተመው መመሪያ እነሱን በመደበኛነት መስጠትን አይመክርም። መመሪያው ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነ ጋባፔንቲንና ለብረት ነው። ፌሪቲኑ 75 ናኖግራም በሚሊ ሊትርና ከዚያ በታች የሆነ አዋቂ ብረት ሊሰጠው እንደሚገባም ይናገራል።

አንድ ሌላ ስህተትም አለ። ብዙ ሰው «ዛሬ ስለምጠጣ ኪኒኑን ልዝለለው» ይላል። አጎቴም ከፋሲካው በኋላ እንዲህ ማድረግ ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ግን እግሩ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። መቀላቀልም ጉዳት፣ መዝለልም ጉዳት!

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን እንናገር። «አልፎ አልፎ» ማለት በቂ አይደለም፤ ስንት መለኪያ፣ በስንት ሰዓት ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ባለሙያዎችም ባይነገራቸው እንኳ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ልቁረጥ ካለ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀንስ። ሦስተኛ፣ ብረት የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ ያርቀው፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል። አራተኛ፣ መጠጥ አቅለሽልሾት ሜቶክሎፕራማይድ የተባለውን የማስታወክ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ያስብ፤ ዶፓሚንን ስለሚያግድ እግሩን ያስነሳበታል። ለጉንፋን የሚወሰዱ እንቅልፍ የሚያመጡ ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው።

አጎቴ አሁን ለሐኪሙ ሁሉንም ነግሯል። መጠጡን በሦስት ወር ቀስ እያለ ተወው፣ ብረትም ታዘዘለት። ማታ አክስቴ እግሩን በሞቀ ውኃ ታጥብለታለች፤ መቀለዱንም ትታለች። እግሩ ጨርሶ አልዳነም፤ ኮቴው አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይሰማኛል። ያን ጊዜ ተነስቼ አብሬው ሳሎኑን እዞራለሁ። አረቄ ከማመላለስ ይህ ይሻላል።