ምዕራፍ 9፦ ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት እምቢ ሲል

የወገብ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ እግሩ ነው፤ ቀጥ ብዬ እሄድ ይሆን? ሕመሙስ ይለቀኝ ይሆን? ስለ ሽንቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት ፊኛ ሞልቶ ሽንት አልወጣ ማለቱ የተለመደ ችግር ነው። ማን ላይ ሊደርስ እንደሚችል ግን በአብዛኛው አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ለዚህ ከሚያስፈልገው መረጃ ብዙው ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ሽንት እንዴት ይወጣል?

የአዋቂ ሰው ፊኛ በአማካይ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ይይዛል። ለመሽናት የፊኛው ጡንቻ መኮማተር፣ መውጫውም መላላት አለበት። ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች በወገብ አከርካሪ ውስጥ ቁልቁል ስለሚያልፉ፣ ሽንት ሲከለከል ብዙ ሰው “ነርቬ ተነካ” ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ የማደንዘዣው፣ የሕመም ማስታገሻው እና የታካሚው የቆየ ችግር መደራረብ ነው።

ይዘውት የሚመጡት ስጋት

ዕድሜ ሲገፋ የፊኛ ጡንቻ ይደክማል። በወንዶች ላይ ደግሞ የፕሮስቴት እጢ እያበጠ መውጫውን ያጠብባል። ሌሊት ደጋግሞ የሚነሣ፣ ሽንቱ ቶሎ አልጀምር የሚለው ወይም የሚንጠባጠብበት ሰው ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ለዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ የፊኛን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ፊኛው ሞልቶም ላይሰማ ይችላል። ከዚህ በፊት ሽንት ተከልክሎ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) የገባለት ሰውም ችግሩ ሊደገምበት ይችላል። የሆድ ድርቀትም ሽንትን ያውካል።

መድኃኒትም አለ። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን እና አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ፊኛን ያዳክማሉ ወይም መውጫውን ያጠብቃሉ። ጫትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የየመን ጥናት ጫት የጤነኛ ወንዶችን የሽንት ፍሰት እንደሚያዳክም አሳይቷል።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚጨመረው

ሥራው ሰዓት ሲወስድና ብዙ አከርካሪዎች ሲነኩ ማደንዘዣው ይበዛል፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ይጨምራል። ታካሚው ተኝቶ ሳለ ፊኛው ዝም ብሎ ይሞላል፤ ከልክ በላይ የተለጠጠ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ አይኮማተርም። በመጨረሻ ጡንቻን ያላላውን መድኃኒት ለመሻር ኒኦስቲግሚን ከአትሮፒን ጋር ሲሰጥ፣ አትሮፒኑ ልብን ሲጠብቅ ፊኛን ያዳክማል። ሞርፊን፣ ፔቲዲን እና ትራማዶል ሕመሙን ሲያስታግሱ የሽንት ስሜትንም ያደበዝዛሉ።

ከዚያ ታካሚው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጀርባው ታሽጓል፣ ጠያቂ ዘመድ አልጋውን ከቧል፤ በጀርባው እንደተኛ ፖፖ ተሰጥቶት “ሽና” ይባላል። ቆሞ ለመሽናት የለመደ ሰው እንዲህ አይሆንለትም። ይሉኝታም ይይዘዋልና ዝም ይላል። ፊኛው ግን መሙላቱን አያቆምም።

ምን ያድርጉ?

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ጫትን ጨምሮ፣ ለሐኪምዎና ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ። የሽንት ችግርዎን ሳያፍሩ ያስረዱ፤ ፕሮስቴት ላለበት ሰው ሐኪሙ እንደ ታምሱሎሲን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የሆድ ድርቀት ካለ አስቀድሞ ይታከም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቶሎ ይነሡ። ወንዶች ሰው ደግፏቸው ቆመው፣ ሴቶች ተቀምጠው ቢሞክሩ ይቀላል። አስታማሚው ጠያቂዎችን ያስወጣ፣ መጋረጃውንም ይሳብ። ስድስት ሰዓት ያህል አልፎ ሽንት ካልመጣ ወይም ከእምብርት በታች ካበጠ ነርሷን ይጥሩ። ፊኛው በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ካስፈለገም ሽንቱ በካቴተር ይወጣል። ጠብ ጠብ ማለቱ አያታልልዎት፤ የሞላ ፊኛ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሰዓት የማይሰጡ ምልክቶች

ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ሰገራ ካመለጠ ወይም የወገብ ሕመሙ በድንገት ከባሰ፣ የተጠራቀመ ደም ነርቮቹን ተጭኖ ይሆናል። ሐኪም ወዲያው ይጠራ፤ ኤም አር አይ እና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር ነርቮቹ የማገገም ዕድላቸው ይቀንሳል።

በደንብ ሳይሸኑ ከሆስፒታል ለመውጣት አይቸኩሉ። ቤት ከገቡ በኋላ ሽንት ከተከለከሉም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመለሱ።