የባለሙያ ምደባና የካርቦን ሒሳብ፦ በዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ውስጥ ባለቤት ያጣ ኃላፊነት

ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸውን ከአገር ወደ አገር እያዛወሩ በማሠራታቸው የሚፈጠረው የበካይ ጋዝ ልቀት፣ በየዓመቱ በሚያወጧቸው የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተለይቶ አይታይም። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የአሠራር ክፍተት ነው። የልቀቱን መጠን የሚወስነው የምደባ መመሪያ በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ይጻፋል፤ ልቀቱን የሚቆጥረው ግን ሌላ ክፍል ነው።

በስፋት የሚሠራበት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የእሴት ሰንሰለት መለኪያ፣ ከኩባንያው ቀጥተኛ ቁጥጥር ውጭ ያለውን ልቀት በ15 ምድቦች ከፍሎታል። ስድስተኛው የሥራ ጉዞን፣ ሰባተኛው ሠራተኛው ከቤቱ ወደ ሥራ ቦታው የሚያደርገውን ምልልስ ይመለከታል። ለምደባ የራሱ ምድብ አልተሰጠውም። በመሆኑም የባለሙያው ትኬት በሥራ ጉዞ ሥር ሲመዘገብ፣ የቤት ዕቃው ጭነት በግዥ ወይም በትራንስፖርት ሒሳብ ውስጥ ይሟሟል፤ የቤተሰቡ የዓመት ፈቃድ በረራ ደግሞ እንደየኩባንያው ልማድ ይቆጠራል ወይም ከናካቴው ይቀራል።

ይህ ክፍተት የተሳሳተ ውሳኔ ሊያስከትል ይችላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አውሮፓ የሚገኝ አንድ ኩባንያ ለአዲስ አበባ ቅርንጫፉ ባለሙያ ለ3 ዓመት ፈለገ እንበል። ባለሙያው ከባለቤቱና ከ2 ልጆቹ ጋር ቢዛወር፣ የመነሻና የመመለሻ ጉዟቸው 4 የደርሶ መልስ በረራ፣ በመካከል የሚወጡባቸው 2 የዓመት ፈቃዶች 8፣ በድምሩ 12 ይሆናል። ኩባንያው ወጪ ለመቆጠብ ቤተሰቡን ትቶ ባለሙያውን ብቻ በየወሩ ቢያመላልስ በረራው 36 ይደርሳል። የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የልቀት ማስያ፣ በረጅም በረራ የቢዝነስ ክላስ ተሳፋሪን ልቀት ከኢኮኖሚ ክላሱ ወደ 3 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ያሰላል፤ ወንበሩ ሰፊ ቦታ ይይዛልና። ተመላላሹ ባለሙያ በቢዝነስ ክላስ የሚበር ከሆነ፣ 36ቱ በረራ ከ100 የማያንስ የኢኮኖሚ ክላስ በረራ ያህል ይመዝናል። «ምደባ ቀነስን» የሚል ሪፖርት ልቀት ጨምሮ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የቤት ዕቃው ጭነት አልተካተተም። የአውሮፕላን ጭነት በቶን ኪሎ ሜትር የሚለቀው ካርቦን ከመርከብ ጭነት በብዙ አሥር እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለዕቃ መግዣ አበል ሰጥቶ በተመደበበት አገር እንዲገዛ ማድረግ ወይም መርከቡን መታገስ ቀላል የማይባል ለውጥ ያመጣል።

ዋጋውን በወሳኙ ክፍል ላይ ማሳረፍ አንዱ መፍትሔ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ክፍሎቹን በልቀታቸው መጠን ውስጣዊ የካርቦን ክፍያ ያስከፍላል፤ በ2022 ደግሞ የሥራ ጉዞን ክፍያ በቶን ወደ 100 ዶላር ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ክፍያው ትኬትን ብቻ ከተከተለ በመጀመሪያ የሚቆረጠው የቤተሰቡ የዓመት ፈቃድ ጉዞ እንዳይሆን ያሰጋል። ከዘመድ ርቀው የሚያድጉ ልጆች የአያቶቻቸውን ቤት እንዳያዩ ማድረግ፣ የኩባንያውን ኃላፊነት ወደ ሠራተኛው ትከሻ ማዛወር ነው። አስቀድሞ ሊነካ የሚገባው የወንበሩ ደረጃና የወርኃዊው ምልልስ ብዛት ነው።

ምደባው ራሱ አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በኢትዮጵያ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የሚቀጥር ባለሀብት አስፈላጊውን ሥልጠና በመስጠት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካው ያስገድዳል። ድንጋጌው የተቀረጸው ለዕውቀት ሽግግር እንጂ ለአየር ንብረት ታስቦ አይደለም። ሆኖም የመተኪያ ዕቅዱን በወቅቱ የሚፈጽም ኩባንያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የምደባ ዙር፣ ከነበረራውና ከነጭነቱ፣ ያስቀራል፤ ይህ የቀረ ልቀት ግን ዛሬ በየትኛውም የሰው ሀብት ክፍል የሥራ አፈጻጸም መለኪያ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ እምብዛም ነው።