ተርብ መሳዩ ቀማኛ ዝንብ፦ መለያውና አኗኗሩ በብሪታንያ የሣር ምድር

በደቡብ እንግሊዝና በዌልስ፣ ከብት በሚሰማራባቸውና ማረሻ ባልነካቸው የሣር ምድሮች ላይ፣ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት አንድ ትልቅ ዝንብ በእበት ላይ ተቀምጦ ይታያል። ላየው ሁሉ መጀመሪያ ተርብ ይመስለዋል። ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አሲለስ ክራብሮኒፎርሚስ ብሎ ሲሰይመው፣ ሁለተኛው ቃል «ትልቁን ተርብ የሚመስል» ማለት ነበር። ይሁን እንጂ ፍጥረቱ ተርብ ሳይሆን፣ ከ7,000 የሚበልጡ ዝርያዎችን በያዘው የቀማኛ ዝንቦች ቤተሰብ፣ በአሲሊዴ፣ የሚመደብ አዳኝ ነው።

ለመለየት ከቀለሙ ይልቅ በክንፉ መጀመር ይሻላል። ተርብ አራት ክንፍ ሲኖረው ይህ ያለው ሁለት ብቻ ነው። በሁለቱ ግዙፍ ዐይኖቹ መካከል አናቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ፊቱንም ጠንካራ ጸጉር እንደ ጢም ሸፍኖታል። እነዚህ ግን ቤተሰቡን እንጂ ዝርያውን አያመለክቱም። ዝርያውን የሚያስታውቀው ሆዱ ነው፦ የፊተኞቹ ክፍሎች ጥቁር፣ የኋለኞቹ ደማቅ ቢጫ ሲሆኑ ድንበራቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

አደኑ የትዕግሥት ነው። በእበት ወይም በተራቆተ መሬት ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ ወይም ሌላ ዝንብ ሲያልፍ ተወርውሮ ይይዛል። በመውጊያ አፉ የሚያስገባው ምራቅ የተያዘውን ያደነዝዛል፣ ውስጡንም ያሟሟል፤ ከዚያ በኋላ መምጠጥ ብቻ ነው። «ቀማኛ» የሚለው ስም ያንሰዋል።

ለህልውናው ወሳኙ ነገር እበቱ ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን በእበት ውስጥ ወይም ከሥሩ ባለው አፈር ትጥላለች፤ እጩም የጥንዚዛ እጮችን እያደነ ያድጋል። ስለዚህ ከብቱ ከመስኩ ሲወገድ ዝንቡ መራቢያ ያጣል። የከብት መኖርም ብቻውን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለከብት የሆድ ትላትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በአመዛኙ ሳይለወጥ ከእበት ጋር ይወጣና በውስጡ የሚያድጉትን የዝንብና የጥንዚዛ እጮች ይገድላል። መስኩ በእበት ተሞልቶ ሳለ ለእጩ ባዶ ማዕድ ይሆናል። ብሪታንያ ዝርያውን በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ዕቅዷ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ያስገባችውም ቁጥሩ በማሽቆልቆሉ ነው።

ከዚህ አንጻር ዝንቡን ፎቶግራፍ አንስቶ ቦታና ቀን ብቻ መመዝገብ ጎደሎ ሥራ ነው። ያረፈበት እበት የየትኛው እንስሳ እንደሆነና መንጋው መድኃኒቱን መቼ እንደወሰደ አብሮ ሊጻፍ ይገባል፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው ደግሞ ከብት አርቢው ነው።